ጉዳይ ያለው ያያል

በነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



የተሰጠኝ ርእስ «ከተፈጥሮ ጋር ተቀራርቦ ዛሬን በአስተውሎት መኖር» የሚል ነው። ርእሱ መልካም ነው፤ ግን አደጋ አለው። ስለ ተፈጥሮ የሚናገር ሰው አፉ ቶሎ ይፈታል፤ ወንዙ፣ አበባው፣ የወፉ ዜማ እያለ አዳራሹን ሙሉ ያስተኛዋል። በዚያ ላይ ለወለጋ ሰው ስለ አረንጓዴ መስበክ ለዐባይ ውኃ መቅዳት ነው። ውበቱን ለእናንተው ዐይን ልተወውና አንድ ነገር ብቻ ልከራከር፦ ሰው ልቡ አጠገቡ ባለው ነገር ላይ የሚያርፈው ነገሩ ስላማረ አይደለም፤ ከነገሩ ጋር ጉዳይ ስላለው ነው።

ከሰዓት እንጀምር። በኪሳችሁ ያለው ስልክ የሚያሳየው ሰዓት የነቀምቴ ሰዓት አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የሚሰላው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነው፤ መስመሩ በአገራችን ካለፈ የሚያልፈው በሩቅ ምሥራቅ፣ በኦጋዴን በኩል ነው። ነቀምቴ ያለችው ደግሞ 36 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ስልካችን «6 ሰዓት» ሲል የነቀምቴ ፀሐይ አናታችን ላይ ለመድረስ በአማካይ ወደ 34 ደቂቃ ይቀራታል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እንኳ በ9 ደቂቃ ያህል እንዘገያለን። አቤቱታ እያቀረብኩ እንዳይመስላችሁ፤ አገር በአንድ ሰዓት መተዳደሩ የግድ ነው። ግን የራሳችን እኩለ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቀን የማናውቅ ብዙዎች ነን።

ሌላም አለ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዱ ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ ሁለተኛው ነሐሴ 24 አካባቢ። የነሐሴውን ደመና ይጋርደዋል። የሚያዝያውን ግን ሰማዩ ከፈቀደ ማንም ሊያየው ይችላል። በዚያ ቀን በስልኩ ሰዓት ከ6 ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል ቀጥ ያለ ዱላ ደልዳላ መሬት ላይ ብታቆሙ ጥላ አይኖረውም። መምህራን እዚህ ስላላችሁ እለምናችኋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ተማሪዎቻችሁን ወደ ግቢው አውጧቸው። ዱላ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ በጀት አይጠይቅም፤ ጂኦግራፊውንም፣ ሒሳቡንም አንድ ላይ ይማሩበታል።

የገጠሩ አባት ይህን ስሌት በቁጥር ላያውቀው ይችላል። ጥላውን ግን ያነብባል። በሬዎቹን ከቀንበር የሚፈታበትን ሰዓት ከጥላው ይለያል፤ ምክንያቱም ከዘገየ በሬው ይደክማል፣ ነገ አያርስም። ጥላውን የሚያየው አእምሮውን ለማሳረፍ አይደለም። ጉዳይ አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ስለ አስተውሎት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህችን ነጥብ ይዘላታል። አሁን በዓለም ላይ የተስፋፋው የአስተውሎት ትምህርት ሥሩ ከእስያ፣ ከቡድሃ መነኮሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይህንኑ ልምድ ለሕመምተኞች እንዲሆን አድርጎ በሳምንታት በተከፋፈለ ሥልጠና አዘጋጀው። ጃፓኖች ደግሞ በ1982 በደን መሥሪያ ቤታቸው አማካይነት ሰውን በደን ውስጥ ቀስ አድርጎ ማራመድ ጀመሩ። ሁለቱም ብዙ ሰው ጠቅመዋል፤ አልነቅፋቸውም። ችግሩ የሚመጣው እነሱን ሰምተን «እኛማ ድሮም ከተፈጥሮ ጋር ነበርን» ብለን ስንኩራራ ነው። ገበሬ ሰማዩን ሲያይ ልቡ ረጋ ብሎ ነው ያለው ማነው? ብዙውን ጊዜ ተጨንቆ ነው የሚያየው። ዝናቡ ዘገየ፣ በቆሎው ጠወለገ፣ ተምቹ መጣ እያለ። አያቶቻችን ተፈጥሮን በትኩረት ያዩት ኑሯቸው እዚያው ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ትኩረታቸው ሥራ ነበር። እኛ የምንፈልገው ዕረፍት ነው። ሁለቱን ካልለየን የነሱን ዝና ለራሳችን ስንፍና መሸፈኛ እናደርገዋለን።

የቦረና ዘመን ቆጣሪዎችን፣ አያንቱዎችን እንውሰድ። ከእኛ ሩቅ ናቸው፤ የዘመን አቆጣጠራቸው ግን የኦሮሞ ሕዝብ ሁሉ ሀብት ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ በሚናገረው መጽሐፋቸው ለዓለም አስተዋውቀውታል። በዚህ አቆጣጠር ወሩ የሚጀምረው ጨረቃዋን ከታወቁ ከዋክብት ጋር አገናኝቶ በማየት ነው። ቀኖቹ 27 ስሞች አሏቸው፤ ወሩ ግን 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ ስሞቹ ከወር ወር እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ አያና አለው፤ ለየትኛው ሥራ፣ ለየትኛው ሥርዓት እንደሚመች ይታወቃል። ይህን ቆጠራ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መርሳት አይቻልም። አንድ ሰው ሌሊት ወጥቶ ሰማዩን ማየት አለበት። አያንቱው ተኝቶ ቢያድር የሕዝቡ ዘመን ይዛባል።

ኢሬቻም ያው ነው። ከበዓሉ ምስጋናውን እናውቃለን፤ ከምስጋናው በፊት የነበረውን ስጋት ግን ዛሬ በድልድይ ስለምንሻገር ረስተነዋል። በዚህ አገር ክረምት ቀልድ አይደለም፤ ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ። ዴዴሳና አንገር ሲሞሉ ዘመድ ከዘመድ ይቆራረጥ ነበር፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ ወንዙ እስኪጎድል አይታወቅም። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ መልካው ሲወርድ ወንዙን የሚያየው እንደ ተመልካች አልነበረም። ወንዙ ወራቱን ሙሉ ይዞበት የነበረውን ሰው ሊቀበል ነው የሚወርደው። በበጋው መጨረሻ ተራራ ላይ የሚከበረው ኢሬቻ ደግሞ የዝናብ ልመና ነው። በኦርቶዶክሱም ወገን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 የጽጌ ቀናት ማኅሌቱን ከመስኩ አበባ ጋር አስተሳስረውታል። ደብተራው ሌሊቱን ሲያዜም አድሮ ጠዋት ሲወጣ የዘመረለት አበባ ደጁ ላይ ይጠብቀዋል። ኢሬቻውም ጽጌውም ወቅቱን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው፤ ወደ ሌላ ወር ልውሰዳቸው ብትል ትርጉም ያጣሉ።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ፤ ንብ።

ወለጋ የማር አገር ነው። ከከተማ ወጣ ሲሉ ከትልልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ድቡልቡል ቀፎ ማየት የተለመደ ነው። ቀፎው ከመሰቀሉ በፊት በእበት ይለቀለቃል፣ ውስጡ መልካም ሽታ ባለው እንጨትና ቅጠል ይታጠናል፤ ሽታው ንብን ይስባልና። ማሩ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ በማታ ነው። ማር ቆራጩ በገመድ ይወጣል፣ የሚጨስ ችቦ ይይዛል፣ ቀፎው ጋ ሲደርስ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ በጣቱም ኳ ኳ ያደርገዋል። ባዶ ቀፎ ያስተጋባል፤ የሞላው ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ በዝግታ ነው። አንዷ ንብ ከነደፈች ከመንደፊያዋ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል፤ ሽታው ሙዝ ሙዝ ይላል፤ አዋቂ ንብ አናቢ ሙዝ በልቶ ወደ ቀፎ አይጠጋም የሚባለው ለዚህ ነው። ሰውየው እጁን ቢያወናጭፍ፣ ቢደነግጥ፣ ቢቸኩል ያለቀለት ነው። ዛፍ ላይ፣ በጨለማ፣ በሺህ የሚቆጠር ንብ መካከል ሆኖ የሚመጣው ወር ስለሚከፈል ዕዳ የሚያስብ ሰው የለም። ልቡን ሰብስብ ብሎ የሚመክረውም አያስፈልገውም፤ ቆዳው ይመክረዋል።

ይኸው ሰው ታዲያ ዓመቱን ሙሉ የሚያብበውን ያውቃል። ብሳናው መቼ ያብባል፣ ግራዋው መቼ፣ ዋንዛው መቼ። አበባውን የሚያየው በዐይኑ ነው፤ የሚያስበው ግን በንቦቹ ሆድ ነው። ከእኛ ከከተሜዎቹ ይልቅ ዛሬ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ቡናም እንዲሁ ነው። የአካባቢያችን ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ በከተማችን ስም ይሸጣል። ሐምቡርግ ውስጥ የሚጠጣ ሰው ስማችንን ያውቃል ማለት ነው። የቡና ዛፍ እንቡጡን በበጋ ይቋጥርና ዝም ይላል፤ ይጠብቃል። ደህና ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እርሻው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይጠወልጋል። ፍሬው ለመቅላት ከዚያ በኋላ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። ገበሬው ያቺን ዝናብ መቁጠሪያው ያደርጋታል። አበባው ያመለጠው ገበሬ የመጪውን ምርት አስቀድሞ መገመት ይከብደዋል። ጎብኚ ግን ብዙ ጊዜ አበባውን አያገኘውም፤ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር መንገድ ጨርሶ እስኪደርስ አልፎ ይጠብቀዋል።

ቤት ስንገባስ? ቡና ቀላን ታውቁታላችሁ፤ በቅቤ የተጠበሰውን ያልተፈለፈለ ቡና፣ ምርቃቱን፣ ሰው የሚሰበሰብበትን ሥርዓት። የዘወትሩም ቡና ቢሆን እንዳይጣደፍ ተደርጎ የተሠራ ነገር ነው። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለእንግዳው ይቀርብለታል፤ እንግዳውም በእጁ ወደ ፊቱ ሳብ ያደርገዋል። ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። ውኃው በራሱ ጊዜ ነው የሚፈላው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ሳይባረክ የሄደ ሰው እንዳልጠጣ ይቆጠራል። ይህን ሥርዓት ላለው ሕዝብ አስተውሎትን በሥልጠና ማስተማር ሊያሳፍር ይገባ ነበር። አሁን ግን የሚታየው ሌላ ነው። ጭሱ ሲዞር የሁሉም አንገት ወደ ጭኑ ተደፍቷል። ጀበናው ፎቶ ይነሣል፣ ፎቶው ይለጠፋል፣ ስንት ሰው ወደደው እየተባለ አቦሉ ይቀዘቅዛል። ቡናው ቀረበ፤ ሰዎቹ አልቀረቡም።

ስልክን ብቻ ግን ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም፤ እዚህ አገር ደግሞ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት፣ ከ2,250 ሰዎች መልስ ሰብስበው የሰው ልብ ከነቃበት ጊዜ 46.9 በመቶ ያህሉን ከሚሠራው ነገር ውጭ ሲንከራተት እንደሚያሳልፍ አሳትመዋል። ልቡ በሄደ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ደስታው ቀንሶ ነበር የተገኘው። ይህንን የለኩት በምን መሰላችሁ? በስልክ ነው፤ ድንገት ጥያቄ እየላኩ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ከምትሠራው ውጭ ሌላ ነገር እያሰብክ ነው?» እያሉ። መሣሪያው ልብን ይበትናል፣ መበተኑንም ይለካል።

ስልክ ሲጠፋስ ልብ ይሰበሰባል ወይ? ወለጋ የዚህን መልስ ከማንም በላይ ያውቃል። ከታኅሣሥ 2012 ማለቂያ ገደማ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ሰዉ ሰላም አግኝቶ ወፍ ያዳምጥ ነበር የሚል ካለ እዚህ የተቀመጠች እናት ትመልስለት። ልጇ ጊምቢ ይኑር ነጆ ሳታውቅ ሌሊቱን ስትገላበጥ የምታድር እናት አካሏ ቤቷ ነው፤ ልቧ ግን መንገድ ላይ ነው። ፍርሃት ከስልክ ይልቅ ሰውን ከዛሬው ይነጥቃል። ተፈጥሮን የሚሰብኩ ሰዎች «ወደ ጫካ ሂዱ» ይላሉ። በእኛ አገር ጫካ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ስለምታውቁ እኔ እንዲያ ብዬ አልመክርም። (ሳቃችሁን ሰምቻለሁ።) ለማለት የፈለግሁት ከልቤ ነው፤ መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ገጠር ዛሬን በአስተውሎት መኖር የሚሉት ምክር ቅንጦት ነው። ሰላም የዚህ ሁሉ መነሻ ነው።

ስለዚህ የምናገረው በእጃችን ስላለው ነው፤ በከተማው ውስጥና በዳርቻው ስላለው። ኮምቶ ቅርባችን ነው። የኮምቶ ጥብቅ ደን ከዚህች ከተማ አጠገብ የቀረ ደጋማ የተፈጥሮ ደን ነው፤ ጉሬዛ አለበት፤ ተመራማሪዎችም ዛፎቹንና ጉሬዛዎቹን እየቆጠሩ ጽፈውበታል። ጉሬዛን ብዙ ሰው ያየዋል፤ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ እንደሆነ፣ ጥቁሩ ከወራት በኋላ እንደሚመጣ ስንቱ ያውቃል? ንጋት ላይ ወንዶቹ ከዛፍ ዛፍ ይጓራሉ፤ አንዱ መንጋ ሲጀምር ሌላው ይመልሳል። ከዚያ ይበላሉ፣ ከዚያም ይተኛሉ። ከቀኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ያርፋሉ፤ ቅጠል የሚበላ ሆድ ጊዜ ይፈልጋልና። ሰነፍ ቢመስሉም በሥራ ላይ ናቸው።

ወጣቶች አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ አሁን መልሱ አልላችሁም። ኮምቶ ውስጥ ወይም በሰፈራችሁ ያሉ ዐሥር ዛፎችን በስም ትጠራላችሁ? በአማርኛም በኦሮምኛም? ዋንዛን ወዴሳ፣ ብሳናን በከኒሳ፣ ዶቅማን በዴሳ፣ ዝግባን ቢርቢርሳ፣ ወይራን ኤጀርሳ፣ ዋርካን ቂልጡ እያላችሁ? ስም ለማስተዋል ቅድመ ሁኔታ ነው። ስሙን የማታውቁት ዛፍ በዐይናችሁ ላይ አረንጓዴ ነገር ሆኖ ያልፋል፤ ሲቆረጥም አረንጓዴ ነገር ነው የጎደለው። ዋንዛ እንደሆነ ስታውቁ ግን ለበርና ለጠረጴዛ ተብሎ እንደሚቆረጥ፣ ሲያብብ ንብ እንደሚሰበስብ፣ እንደገና ለመድረስ ዓመታት እንደሚወስድ ታውቃላችሁ። ያኔ ነው ጉዳያችሁ የሚጀምረው።

ለዚህ ምስክር የምትሆነን አንዲት በዚህች ከተማ የኖረች ሰው አለች፤ አስቴር ጋኖ። በልጅነቷ ለባርነት ተዳረገች። እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን ባሕር ኃይል ከባሪያ መርከብ ነጻ አውጥቶ ምፅዋ አጠገብ ባለው እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባት። እዚያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ስትሠራ ከልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች፤ ቁጥሩ ወደ 500 ይደርሳል። ከፊሉ በ1894 በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። ያቺ ልጅ ማስታወሻ ደብተር ይዛ አልተወሰደችም። የያዘችው ያዳመጠችውን ነው። በእሳት ዳር፣ በማሳ ዳር፣ ከብት በሚጠበቅበት ሜዳ የተነገረውን ስትሰማ ልቧ እዚያው ነበር ማለት ነው፤ ልባችን በሌለበት የሰማነውን ከዐሥር ዓመት በኋላ ቀርቶ ማታ ቤት ስንገባ አናስታውሰውም። አስቴር እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥታ እዚሁ ኖራ በ1964 ዐረፈች። እኛ ሁሉን የሚመዘግብ መሣሪያ በኪሳችን ይዘን ስንዞር ከአያቶቻችን ሁለት ተረት አሟልተን የማንነግር ሆነናል።

የተፈጥሮን ጥቅም በሐኪም ቋንቋ ለሚፈልግ ሰው አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪች የተባለ አሜሪካዊ በፔንሲልቫኒያ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ አሳተመ። 23ቱ የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ ዛፎች የሚያይ ነበር፤ ሌሎቹ 23 ደግሞ የጡብ ግድግዳ ነበር የሚያዩት። ዛፍ የሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፣ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ይህን የምናገረው ለሚገነቡት ነው። በከተሞቻችን አዲስ የሚሠራው ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ፎቅ መስኮቱ በአብዛኛው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው የሚከፈተው፤ ግቢው ውስጥ የነበረው ዛፍ ደግሞ ገና መሠረት ሳይወጣ ይቆረጣል። ዛፉን አስቀርቶ ቤቱን በዙሪያው መንደፍ ይቻላል። ተጨማሪ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ሰው ቆሞ «ይህ ይቅር» እንዲል ነው።

ይሁን እንጂ ተፈጥሮን እንደ ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ልቡ ሲሻለው ይተወዋል። ጉዳይ ያለው ሰው ግን አይተወውም። በአረንጓዴ ዐሻራ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉ ተነግሯል። መትከሉ መልካም ነው። ግን ሐምሌ ላይ ጭቃ ረግጠን፣ ፎቶ ተነሥተን ተመለስን፤ ጥር ላይ ያንን ችግኝ ሄዶ ያየው ማነው? በበጋ ውኃ ያጠጣው፣ ፍየል ሲመጣ ያጠረለትስ? የተከለ ሁሉ ጉዳይ ያለው አይደለም። ሐምሌ ላይ ዐሥር ተክሎ ከመርሳት አንድ ተክሎ ሦስት ዓመት መመላለስ ለደኑም ለሰውየውም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለባሕር ዛፍ ደግሞ ምስጋናውን አልነፍገውም፤ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤት ሠርቶልናል፣ እንጀራ ጋግሮልናል። ነገር ግን በምንጭ ራስ ላይ አይተከልም። ምንጫችሁ ዙሪያ ያለውን ባሕር ዛፍ ነቅላችሁ ዶቅማ ተኩበት፤ ዶቅማ ውኃ ዳር ለምዶ የኖረ ዛፍ ነው፤ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል።

ኦሮሞዎች ሳፉ የሚሉት ሥርዓት አለ፤ ፕሮፌሰር ወርቅነህ ቀልቤሳ ስለ ኦሮሞ የአካባቢ ሥነ ምግባር በጻፉት ሥራ በሰፊው አብራርተውታል። ሰው ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከእንስሳው፣ ከዛፉ፣ ከመሬቱ ጋር የሚጠብቀው ክብርና ወሰን አለ። ይህን በመድረክ ማወደስ ቀላል ነው። እኔ የምለው አጭር ነው፤ ወሰንን የሚጠብቅ ሰው ወሰኑ የት እንደሆነ ማየት አለበት፣ ለማየት ደግሞ እዚያ መመላለስ አለበት። ሳፉ ቤት ተቀምጦ አይጠበቅም።

ልጨርስ። አባቶችና እናቶች፣ የዛፎቹንና የምንጮቹን ስም የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህን ስም ይዛችሁ እንዳትቀሩ። ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ዙሪያ ተራመዱ፤ እያንዳንዱን ዛፍ በሁለቱም ቋንቋ ጥሩላቸው፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ ማን እንደተከለው ንገሯቸው። ወጣቶች፣ እናንተ ደግሞ ስልካችሁን አትጣሉት፤ ድምፃቸውን ቅዱበት፣ በየዛፉ ስም አስቀምጡት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ዛፍ ይያዝ፤ ችግኝ ሊሆን ይችላል፣ ጥንትም የነበረ ዋርካ ሊሆን ይችላል፤ የሚያጠጣው፣ የሚያጥረው፣ ሊቆርጠው የመጣውን ለምን ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይታወቅ። ዝርዝሩን ዛሬ ከዚህ ሳንወጣ መጀመር እንችላለን፤ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።